መንኰራኩር ላይ የተጠፈረ ሰው ደስተኛ ነው?

የሄራክልያው ዲዮናስዮስ፣ ሕመም ክፉ ነገር አይደለም እያለ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነበር። ትምህርቱን የቀሰመው ከዜኖን ነው፤ በአቴና ገበያ ዳር በነበረው ባለ ሥዕል በረንዳ ሥር እያስተማረ የኢስጦኢኮችን ወገን ከመሠረተው ሰው። ዲዮናስዮስ ስሜት ሰውን እንዳይገዛው የሚመክሩ መጻሕፍትም ጽፏል። ኋላ ግን ዓይኑን ታመመ። ሕመሙ ጠንቶ ፋታ ሲነሣው፣ ይህ ምንም አይደለም የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ አለ። ወገኑን ትቶ፣ የሕይወት ግቡ ተድላ ነው ከሚሉት ጋር ተደባለቀ፤ ከዚያ በኋላ ከሃዲው ዲዮናስዮስ እየተባለ ሲጠራ ኖረ።

ሮማዊው ሲሴሮ ይህንኑ ታሪክ ሲያወራ ያሠቃየው ኩላሊቱ ነበር ይላል። የትምህርት ባልደረባው ክሌንተስ፣ ምን አግኝቶህ ሐሳብህን ለወጥህ ብሎ ቢጠይቀው፣ ዲዮናስዮስ የሚከተለውን ሙግት አቀረበለት፦ ብዙ ዘመን በፍልስፍና ደክሞ ሕመምን መቻል ያቃተው ሰው ቢገኝ፣ ሕመም ክፉ ለመሆኑ ያ በቂ ማስረጃ ነው፤ እኔ ብዙ ዘመን ደክሜ መቻል አቃተኝ፤ እንግዲያስ ሕመም ክፉ ነው። ኩላሊቱ እያቃጠለው እንኳ የክርክር ሥርዓቱን አላፈረሰም!

እንዲህ ያለው ወሬ በጥንታዊቷ ግሪክ ከፍልስፍናው ተለይቶ የሚታይ አልነበረም። የግሪክ ሥነ ምግባር ዋና ጥያቄ ሰው እንዴት ቢኖር ሕይወቱ የሰመረ ይሆናል የሚል ነው። መልስ አለኝ የሚል ሁሉ ደግሞ አንድ ተከታይ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ሲያምህስ? የሐኪሙ መሣሪያ ቢላዋና የጋለ ብረት፣ ማስታገሻው የፖፒ ጭማቂና ወይን በሆነበት ዘመን ይህ ጥያቄ ለማንም ሩቅ አልነበረም። የፈላስፎቹን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ምን እንዳስተማሩ ብቻ ሳይሆን ምን እንደታመሙና እንዴት እንደሞቱ አጥብቀው የጠየቁት ለዚህ ነው። ከተረኮቹ ብዙዎቹ እየተጨመረባቸውና እየተሳሉ የመጡ መሆናቸው አይቀርም። ቢሆንም ሰዎቹ ከፈላስፋ ምን ይጠብቁ እንደነበር በግልጽ ያሳያሉ።

በክርክሩ ውስጥ ደጋግመው የሚነሡ ሁለት መሣሪያዎችም አሉ። አንዱ አንባቢ ከሰማዕታት ገድል የሚያውቀው መንኰራኩር ነው፤ ሰውን ጠፍረው የሚዘረጉበት። ሌላው ደግሞ የሲሲሊው አምባገነን ፋላሪስ ሰው ከትቶ ከሥር እሳት ያነድድበት ነበር የሚባለው የናስ በሬ ነው። ብልህ ሰው እዚያ ውስጥ ሆኖም ደስተኛ ነውን? ጥያቄው ለዘመናት በየትምህርት ቤቱ ሲፈተት ኖሯል።

ሶቅራጥስ ራሱ ነገሩን የነካው ገር በሆነ መንገድ ነው። በ399 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት መርዙን በሚጠጣበት ቀን ጠዋት የእግሩ ሰንሰለት ተፈታለት። ፕላቶ «ፌዶን» በተባለው ድርሰቱ እንደሚተርከው፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሰንሰለት የበላውን እግሩን እያሸ ስለ ሕመምና ስለ ተድላ ይገረም ጀመር። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ላይ አይመጡም፤ ግን አንዱን ያሳደደ ሌላውን ማግኘቱ አይቀርም፤ በአንድ ራስ የተጣበቁ ሁለት አካላት ይመስላሉ፤ ተረተኛው ኤዞፕ ቢያስተውላቸው ኖሮ ተረት ያወጣላቸው ነበር አለ። ለጸሎትም ለእንባም ምክንያት በማይጠፋበት ሰዓት የሰውየው ሐሳብ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነበር።

ፕላቶ ግን ነገሩን እንደ መምህሩ በፈገግታ አላለፈውም። ብርቱ ሕመምና ብርቱ ተድላ ነፍስን ከሥጋ ጋር እንደ ምስማር የሚቸነክሩ ናቸው ይላል፤ የቆረጠመንን ነገር ከሁሉ በላይ እውነተኛ አድርገን እንድናምን ያስገድዱናልና። በ«ፖለቴያ» ደግሞ በሽተኛ ሰው ከጤና የሚበልጥ ደስታ የለም ሲል የሚሰማበትን ጊዜ ያነሣል። ያ ሰው የሚናፍቀው ሕመሙ እንዲቆምለት ብቻ ነው፤ የሕመም መቆም ደግሞ በፕላቶ ዘንድ ተድላ አይደለም፣ መካከለኛ ቦታ ነው። ከታች ተነሥቶ መካከል የደረሰ ሰው ላይኛውን ስለማያውቅ ጫፍ የወጣ ይመስለዋል። በ«ጎርጊያስ» ውስጥ ሕመም ሌላ ሥራ ያገኛል፤ ጥፋተኛ ቅጣቱን መሸሽ የለበትም፣ ለቁስሉ ሲል ለሐኪም ቢላዋ ራሱን እንደሚሰጥ በሽተኛ በፈቃዱ መቅረብ አለበት ይላል።

ከሶቅራጥስ ደቀ መዛሙርት አንዱ የነበረው አንቲስቴኔስ ከዚህ ሁሉ አልፎ ድካምና ሥቃይ ራሱ በጎ ነገር ነው እስከ ማለት ደርሷል። ለምስክርነት የሚጠራው ጀግናውን ሄራክልስንና የፋርሱን ንጉሥ ቂሮስን ነበር። በእርጅናው ዘመን ሲታመም ግን ከዚህ ሥቃይ ማን ይገላግለኛል ብሎ ጮኸ ይባላል። ሊጠይቀው የመጣው ፈላስፋው ዲዮጋን ጩቤ አውጥቶ አሳየው። አንቲስቴኔስም፣ ከሥቃዩ አልኩ እንጂ ከሕይወቴ መቼ አልኩ ብሎ መለሰ።

በዛሬዋ ሊቢያ በነበረችው በቀሬና ከተማ የተነሡት የአርስጢጶስ ተከታዮች ደግሞ በተቃራኒው ጫፍ ይገኛሉ። ለእነርሱ ተድላ ለስላሳ እንቅስቃሴ፣ ሕመም ሻካራ እንቅስቃሴ ነው፤ በጎውና ክፉው እዚያው ላይ ያበቃል። የሥጋ ሕመም ከነፍስ ሕመም ይብሳል ይሉ ነበር፤ ማስረጃቸውም ወንጀለኛ የሚቀጣው በአካሉ መሆኑ ነው። ከእነርሱ መካከል ሄጌስያስ የተባለው ሒሳቡን ጨክኖ ሠራው። ሥጋ በሕመም የተሞላች፣ ነፍስም ከሥጋ ጋር የምትታመስ ስለሆነች ደስታ የሚባለው ነገር አይገኝም አለ። ትምህርቱን የሰሙ ሰዎች ራሳቸውን ማጥፋት ስለ ጀመሩ እንዳያስተምር ከበጥሊሞስ ነገሥታት አንዱ እንደከለከለው ሲሴሮ ይናገራል። ሞትን የሚያግባባ የሚል ቅጽልም ወጥቶለታል። ተድላን መለኪያ ያደረገ ሰው የሕመምን ሚዛን ሲያይ የት ሊደርስ እንደሚችል ከሄጌስያስ በላይ ያሳየ የለም።

ኤፊቆሮስ ማምለጥ የነበረበት ከዚህ ወጥመድ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17ን ያነበበ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ በአቴና ከጳውሎስ ጋር የተነጋገሩት ፈላስፎች የኤፊቆሮስ ወገንና ኢስጦኢኮች ነበሩ። በልማድ ሆዳምና አስረሽ ምችው ባይ ተደርጎ ይታያል። ሰውየው ግን ስለ ሕመም የተጨነቀውን ያህል ስለ ድግስ አልተጨነቀም። በ341 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በሳሞስ ደሴት ተወለደ፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜው አቴና ገብቶ በ80 ምናን የአትክልት ቦታ ገዛና ከወዳጆቹ ጋር እዚያ ኖረ። ሴቶችም ባሮችም አብረውት ይማሩ ነበር።

የኤፊቆሮስ ዋና እርምጃ ፕላቶ ያስቀመጠውን መካከለኛ ቦታ መሰረዝ ነው። ሕመም በሌለበት ተድላ አለ፤ ተድላም ከዚያ በላይ ሊለያይ እንጂ ሊጨምር አይችልም። ሥጋው የማይታመም፣ ነፍሱም የማትታወክ ሰው የመጨረሻው ከፍታ ላይ ነው። እንዲህ ከሆነ የደስታ ዋጋ ይረክሳል፤ ዳቦ፣ ውኃ፣ ከብርድ የሚያስጥል ልብስና ወዳጅ ይበቃሉ። ሄጌስያስ የማይገኝ ያለውን ነገር ኤፊቆሮስ ደጅ ላይ አደረሰው።

ሕመሙ ራሱ ሲመጣስ? ኤፊቆሮስ ለዚህ ያዘጋጀው ቀመር አለ፤ ብርቱ ሕመም አይቆይም፣ የሚቆይ ሕመም ብርቱ አይሆንም። ተከታዮቹ ይህን በቃላቸው ይዘው ለራሳቸው ይደግሙት ነበር። እውነቱን ለመናገር ከትምህርቱ ሁሉ ደካማው ይህ ነው። ሲሴሮ በፊሎክቴቴስ ተሳልቆበታል፤ ሶፎክልስ በ409 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ለመድረክ ባበቃው ተውኔት ውስጥ ያ ጀግና እባብ የነደፈው እግሩ እየመገለ ዓመታትን በሌምኖስ ደሴት ዋሻ ውስጥ ሲጮኽ ይኖራል። የቆየም የበረታም ሕመም ማለት እርሱ ነው። ሥር የሰደደ የጀርባ ወይም የነርቭ ሕመም ያለበት የዛሬ አንባቢም ከሲሴሮ ጋር መስማማቱ አይቀርም።

ኤፊቆሮስን የሚያስከብረው አሟሟቱ ነው። በ270 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ጠጠር ሽንቱን ዘግቶበት 14 ቀን ታመመ። ሲደክም ሙቅ ውኃ ባለበት የነሐስ ገንዳ ገብቶ ያልተበረዘ ወይን አስመጥቶ ጠጣ፤ ወዳጆቹን ትምህርቴን አትርሱ ብሎ አረፈ። በመጨረሻው ቀን ለወዳጁ ለኢዶሜኔዎስ በጻፈው ደብዳቤ፣ የፊኛና የአንጀቱ ሥቃይ ሊጨምር የማይችልበት ደረጃ መድረሱን አልደበቀም። ግን የድሮ ጭውውታቸውን በማስታወስ የሚያገኘውን ደስታ ከሥቃዩ ትይዩ እንዳሰለፈው ገለጸና፣ ቀድሞ የሞተውን የባልንጀራውን የሜትሮዶሮስን ልጆች አደራ አለ። ከእርሱ ጋር ይማር የነበረውን ሚስ የተባለ ባሪያም በኑዛዜው ነጻ አወጣው። ደብዳቤው ሕመሙን አያቃልለውም። ተከታዮቹም ብልህ ሰው መንኰራኩር ላይ ሳለ ደስተኛ ነው ቢሉም ማቃሰቱንና መጮኹን አልከለከሉትም።

አርስቶትል ይህን ዓይነቱን ወሬ የሚሰማበት ትዕግሥት አልነበረውም። በጎ እስከሆነ ድረስ በመንኰራኩር ላይ ያለም ሆነ ታላቅ መከራ የደረሰበት ሰው ደስተኛ ነው የሚሉ፣ ፈለጉትም አልፈለጉትም የሚናገሩት ከንቱ ነገር ነው ብሎ ቆረጠው። ልጆቹን በጦርነት ያጣውን የትሮይ ንጉሥ ፕርያምን በጎ ሰው ልትለው ትችላለህ፣ የታደለ ግን አትለውም። አንድ ሰው ከደረሰበት ጥፋት በኋላ ክብሩን ጠብቆ ሊቆም እንደሚችል አርስቶትል ይቀበላል፤ ያንን ደስታ ብሎ መጥራት ግን ቋንቋን ማበላሸት ይሆንበታል።

በ«ኒቆማኮሳዊ ሥነ ምግባር» ውስጥ ግን ሕመም የበለጠ አስደናቂ ሥራ አለው፤ የጠባይ መለኪያ ነው። ሁለት ሰዎች ከመጠጥ ይታቀባሉ እንበል። አንዱ መታቀቡ ደስ ይለዋል፤ ሌላው ይቃጠላል። ድርጊታቸው አንድ ነው፣ ጠባያቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ሕፃናት መማር ያለባቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው ብቻ አይደለም፤ በምን ደስ መሰኘትና በምን ማዘን እንደሚገባቸውም መልመድ አለባቸው፤ አርስቶትል ይህን ከፕላቶ መውሰዱን አልሸሸገም። ሊቆጡበት በሚገባ ነገር የማይቆጡ፣ በሚያሳፍር ነገር የማያፍሩ ሰዎች በእርሱ ዘንድ ረጋ ያሉ አይደሉም፤ ጎደሎ ናቸው። ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ርኅራኄ፣ ቅናት፣ ሁሉም ውስጣቸው ሕመም አለ፤ ያን ነቅሎ ማውጣት ሰውየውን አብሮ መንቀል ነው።

ስለ ጀግንነት የጻፈው ከሁሉ ይገርማል። ጀግና ሞት አይከብደውም የሚል ልማድ አለ። አርስቶትል ገለበጠው፤ በጎ ሰው ሕይወቱ ከሌሎች ይልቅ ሊኖሩት የሚገባ ስለሆነ ሞት ለእርሱ ይበልጥ ያምመዋል፤ የሚያጣውንም ያውቃል። ጀግንነቱም የሚለካው ይህን እያወቀ በመቆሙ ነው።

ዜኖንና ተከታዮቹ ኢስጦኢኮች የአርስቶትልን ጥንቃቄ እንደ መወላወል ነው ያዩት። ሙግታቸው ቀላል ነው፦ ክፉ የሚባለው ሰውን ክፉ የሚያደርገው ነገር ብቻ ነው፤ ሕመም ማንንም ክፉ አያደርግም፤ ስለዚህ ክፉ አይደለም። ለጤናና ለሕመም ልዩ መደብ አበጁላቸው። ሁለቱም በጎም ክፉም አይደሉም፤ ጤና ግን የሚመረጥ፣ ሕመም የሚጠላ ነው። የፕላቶ ትምህርት ቤት የነበረው የአካዳሚው ተከራካሪ ካርኔአዴስ በዚህ አሾፈ፤ እናንተና የአርስቶትል ወገን የምትለያዩት በቃል ብቻ ነው አላቸው።

ከሕመም ይልቅ ያስጨነቃቸው ነፍስ ላይ የሚያርፈው ኀዘን ነው። ስሜቶችን በአራት ከፈሉ፤ ምኞት፣ ፍርሃት፣ ተድላና ኀዘን። ለሦስቱ ብልህ ሰው ዘንድ የሚገኝ ጤነኛ አቻ ሰጧቸው፤ በምኞት ፈንታ ፈቃድ፣ በፍርሃት ፈንታ ጥንቃቄ፣ በተድላ ፈንታ ሐሤት። ኀዘን ግን አቻ የለውም። የኢስጦኢክ ብልህ ሰው በምንም ነገር፣ በልጅ ሞትም ቢሆን፣ በትክክል ሊያዝን አይችልም። ብዙ አንባቢ ከእነርሱ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስላል።

በተግባር ግን ወገኑ ያን ያህል ድንጋይ አልነበረም። ሮማዊው ጄኔራል ፖምፔዩስ በሮድስ ደሴት ፖሲዶንዮስን ሊሰማ በሄደ ጊዜ ፈላስፋው በሪህ አልጋ ላይ ወድቆ ነበር። እንግዳውን ግን ባዶ እጁን አልሰደደውም፤ ከበጎነት በቀር በጎ ነገር የለም በሚል ርዕስ ተኝቶ አስተማረው። ሪሁ በወጋው ቁጥር ትምህርቱን እያቋረጠ፣ የፈለግኸውን ያህል አስቸግር እንጂ ክፉ ነህ አልልህም እያለ ሕመሙን ይናገረው ነበር። ሌላው ኢስጦኢክ ፓናይትዮስ በበኩሉ ሕመምን ስለ መቻል ለአንድ ሮማዊ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ፣ ሕመም ክፉ አይደለም የሚለውን የወገኑን ዋና ቃል ጨርሶ አላነሣውም። ያን ዝምታ ሲሴሮ አስተውሎታል።

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ጣውሮስ የተባለ የፕላቶ ተከታይ ወደ ደልፊ ሲሄድ በሌባድያ ከተማ አንድ ኢስጦኢክ ወዳጁን ጠየቀ። በሽተኛው በአንጀት ሕመምና በትኩሳት ተይዞ፣ ማቃሰቱን ሊውጠው ቢታገልም ያመልጠው ነበር። ከቤቱ ሲወጡ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ሕመም ምንም ካልሆነ ለምን ያቃስታል ብሎ ጠየቀ። የጣውሮስ መልስ ርኅራኄ ያለበት ነበር፤ ሥጋ ከምክንያት ቀድሞ የተሰጠንና ራሱን የሚወድ ነው፤ ድምፁ የሥጋ ነው፣ ትግሉ የሰውየው ነው።

እስካሁን የተነሡት በሽተኞች ሁሉ ነጻ ሰዎች፣ ሕመማቸውም የበሽታ ሕመም መሆኑን ልብ ይሏል። መንኰራኩሩ ግን በአቴና ምሳሌ ብቻ አልነበረም። ሕጉ የባሪያን ምስክርነት ለፍርድ ቤት ማስረጃ አድርጎ የሚቀበለው በግርፋትና በሥቃይ የተገኘ ሲሆን ነበር። ፈላስፎቹ ብልህ ሰው እዚያ ላይ ምን ይሰማው ይሆን እያሉ ሲከራከሩ፣ በሥቃይ ሊመረመር የሚችል ሰው እቤታቸው ውኃ ይቀዳላቸው ነበር። አርስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ የሚሠቃይ ሰው እውነቱንም ውሸቱንም እኩል ይናገራል ሲል አስጠንቅቋል፤ ጉዳዩ ግን የማስረጃው ታማኝነት ነው፣ የተጠፈረው ሰው አይደለም። በዚህ ሁሉ የሕመም ፍልስፍና ውስጥ ትልቁ ባዶ ቦታ ይህ ነው። ሶቅራጥስ በ«ቴአይቴቶስ» ራሱን ከአዋላጅ እናቱ ጋር ቢያመሳስልም፣ የወላዷ ምጥ የሐሳብ መወለጃ ምሳሌ ሆኖ ነው የቀረበው፤ ስለ ራሷ ሕመም ብዙም አልተባለም።

ኤፒክቴተስን የተለየ የሚያደርገው ይህ ነው። በፍርግያ ተወልዶ በሮም የኔሮን ሹም ለነበረው ኤጳፍሮዲጦስ ባሪያ ሆኖ ኖረ፤ እግሩም ሽባ ነበር። የክርስትና ተቃዋሚ የነበረው ኬልሶስ፣ ጌታው እግሩን ሲጠመዝዘው ትሰብረዋለህ ብሎ ረጋ ብሎ አስጠነቀቀው፣ ሲሰበርም አላልኩህም ነበር አለው ብሎ ይተርካል፤ ወሬው የደረሰን መልስ በጻፈለት በኦሪጀን በኩል ነው። ሌላ ጥንታዊ ምንጭ ግን ሽባ ያደረገው የመገጣጠሚያ በሽታ ነው ይላል። ነጻ ወጥቶ በኒቆጶሊስ ሲያስተምር፣ አካለ ስንኩልነት እግርን እንጂ ፈቃድን አያግድም የሚለው ቃሉ ከሌላው አፍ ይልቅ ከእርሱ አፍ ክብደት ነበረው። ራሱን የሚያምመው ሰው ማቃሰት አይከለከልም፣ ከውስጥ ግን አያቃስት ይል ነበር። ተማሪዎቹንም፣ ታሞ ደስተኛ የሆነ፣ እየሞተ ደስተኛ የሆነ አንድ ኢስጦኢክ አሳዩኝ፣ እስካሁን አላየሁም እያለ ይሟገታቸው ነበር።

የኤፒክቴተስ መምህር ሙሶንዮስ በበኩሉ መከራ ይምጣብኝ ብሎ ለዜውስ ይጸልይ ነበር ይባላል። ይህን የጠቀሰው የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌን ነው፤ ወጣት ሳለ የቆሰሉ ግላዲያተሮችን ያከመ ሰው። በ192 ዓ.ም. ሮም ውስጥ የተነሣ እሳት መጻሕፍቱን፣ መድኃኒቶቹንና መሣሪያዎቹን በላበት። አንድ ወዳጁ እንዴት ሳታዝን ቀረህ ብሎ ቢጽፍለት መልስ ሰጠው። ጽሑፉ ለረጅም ዘመን ጠፍቶ ቆይቶ በ2005 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በተሰሎንቄ በሚገኘው የቭላታዶን ገዳም የብራና ክምችት ውስጥ ተገኘ። ጋሌን እንደ ሙሶንዮስ እንደማይጸልይ በግልጽ ይናገራል። ራሱን ለመከራ ያለማምዳል፤ ግን የፋላሪስን በሬ እንቃለሁ ብሎ አይምልም። የገንዘብ መጥፋት ጭራሽ ባዶ እስካላስቀረው ድረስ አያሳስበውም፤ አገሩ ብትጠፋ ወይም ወዳጁ በአምባገነን እጅ ቢቀጣ ግን ያዝናል። የሥጋ ሕመምንም የሚችልበትን ወሰን አስቀምጧል፤ ከወዳጅ ጋር መነጋገር ወይም መጽሐፍ ሲነበብለት መከታተል እስካልከለከለው ድረስ።